ጫጩትና ዳክዬ በአንድ ካርቶን፦ የአንድ የድሬዳዋ ቤተሰብ ጉዳይ

ቤተሰቡ የሚኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው። አባት ጋራዥ ይሠራሉ። እናት በራቸው ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ልጆቹ ሦስት ናቸው። ትልቋ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ትንሹ ደግሞ ገና 7 ዓመቱ ነው። ግቢው ሰፊ አይደለም። አንድ የኒም ዛፍ፣ አንድ ቆርቆሮ ዕቃ ቤት፣ አንድ የውሃ ታንከር፣ በቃ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሳሶ የሚባለው ዝርያ 30 የአንድ ቀን ጫጩት ገዙ። ሰኔ አጋማሽ ላይ 7 የዳክዬ ጫጩቶች ተጨመሩ። ነሐሴ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ የቀሩት 20 ዶሮና 3 ዳክዬ ናቸው። ከ37ቱ 14ቱ ሞተዋል።

አራቱን የገደላቸው ሙቀት ነው። የቀሩት አስሩ የሞቱት ግን ጫጩትና ዳክዬ እንደ አንድ ዓይነት ፍጥረት ስለተያዙ ነው። ዳክዬዎቹ ያረጠቡት ሰጋቱራ ጫጩቶቹን ገደለ። ለጫጩቶቹ ያን ያህል ያልከፋ መኖ ዳክዬዎቹን ጨረሰ። ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው። ሁለቱን በአንድ ካርቶን የሚያሳድግ ሰው እየበዛ ነው፤ ሲሞቱበት ደግሞ «ዕድሌ ነው» ብሎ ይተወዋል። ዕድል አይደለም፣ ምክንያት አለው።

የምጽፈው በቤተሰቡ ፈቃድ ነው፣ ስማቸውን አልጠቅስም። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የተጠራሁት ጫጩቶቹ ደም የተቀላቀለበት ኩስ መጣል ሲጀምሩ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ያገኘሁት ከትልቋ ልጅ ደብተር ነው። ልጅቷ ስንት እንደሞተ፣ ምን እንደበሉ፣ ቀኑ እንዴት እንደዋለ በየቀኑ ትጽፍ ነበር። የሰለጠነ አርቢ እንኳ እንዲህ አይመዘግብም። ደብተሩ ባይኖር የዚህ ጉዳይ ግማሹ ግምት ሆኖ ይቀር ነበር።

የሐረር ምክር፣ የድሬ ሙቀት

አያት ሐረር ነው የሚኖሩት። ዕድሜ ልካቸውን ዶሮ አርብተዋል። ጫጩቶቹ የተገዙ ለታ ደንገጎን ወርደው መጡ። «ጫጩትን የሚገድለው ብርድ ነው፣ አደራ አሙቋቸው» አሉ።

ለሐረር ትክክል ናቸው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። ድሬ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ 35 ዲግሪ ቢያልፍ ማንም አይገርመውም። ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ይብሳል።

የአንድ ቀን ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስለታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ይህ ቁጥር ጫጩቱ የተኛበት ቦታ ሊኖረው የሚገባው ሙቀት ነው። አምፖሉ በላዩ ላይ የሚጨምረው አይደለም። በሰኔ ከሰዓት የድሬ ክፍል ያንን ሙቀት ያለ አምፖልም ይዞታል።

ቤተሰቡ ካርቶኑን ዕቃ ቤት አስገቡት። ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖል ሰቀሉበት። ነፋስ እንዳይገባ ብለው ዙሪያውን በብርድ ልብስ ሸፈኑት። በሁለተኛው ቀን ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ «አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ክንፋቸውን ዘርግተዋል። ሁሉም ከመብራቱ ሸሽተው ጥግ ይዘዋል። 2 ሞቱ።» በማግስቱም ሁለት።

አያት ብርድ ነው ብለው ብርድ ልብሱን ሊደርቡ ሲሉ አባት ከሥራ ገቡ። ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ጫጩቶቹ ቁመት ድረስ አስገቡ። «ይሄ ምድጃ ነው አቦ!» ብለው አምፖሉን ነቀሉት። ከዚያ ወዲያ በሙቀት የሞተ የለም። አምፖሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት ብቻ እንዲበራ ተደረገ። ብርድ ልብሱ ተነሳ። ቀን ቀን ካርቶኑ ኒሙ ሥር ይውላል፣ አንድ ሰው ከጎኑ አይጠፋም። ድመትም ጭልፊትም አለና።

የአባትን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። ቴርሞሜትር ከሌለ እጅን ጫጩቱ ያለበት ቦታ አድርጎ ማየት ነው፣ ከላይ አይደለም። ከዚያ ራሳቸውን ማየት። ጫጩት ሲበርደው ይከመራል፣ ይጮኻል። ሲሞቀው ይበተናል፣ ያለከልካል። ሲመቸው እንደልቡ ተዘርግቶ ይተኛል፣ ድምፁም ለስለስ ይላል። መብራት ሲጠፋም መደንገጥ አያስፈልግም። የግብርና ባለሙያዎች የሚያስተምሩት በጭድ የታጨቀ የሳጥን ማሳደጊያ አለ። ጫጩቶቹ መሃሉ ላይ ተጠጋግተው በገዛ ሙቀታቸው ያድራሉ። ለድሬ ሌሊት ከበቂ በላይ ነው።

ክትባት ላይ ቤተሰቡ ጎበዝ ነበር። የፈንግል ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ጉምቦሮ የሚባለው ሌላ የጫጩት በሽታ ክትባት በሁለተኛው ሳምንት በውሃ ተሰጠ። ክትባቱ የሚመረተው ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነና ከተከፈተ በኋላ ስለማይቆይ እናት የጎረቤቶቹንም ጫጩቶች አሰባስበው አንድ ቀን አስከተቡ። በበረዶ ነው ያመጡት። ይህ ባይደረግ ኖሮ ከታች የምጽፈው ሁሉ ሳይደርስ ፈንግል ሊጨርሳቸው ይችል ነበር።

ዳክዬዎቹ

ድሬ ውስጥ ዳክዬ ብዙ አይታይም። ሥጋዋን የማይበላው ሰው ብዙ ነው። የሚያሳድጓት ባብዛኛው ልጆች ስለሚወዷትና ግቢ ስለምታደምቅ ነው። ለአባትም እንቁላሎቹን የሰጧቸው አንድ የጋራዡ ደንበኛ ናቸው። 9 እንቁላል። ጫጩቶቹ ከመገዛታቸው በፊት ቤት ያለችው የሐበሻ ዶሮ ታቅፋቸው ነበር።

የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። የተለመደው ዳክዬ 28 ቀን ይፈጃል፣ ሙስኮቪ የሚባለው ዝርያ ደግሞ 35 ቀን ገደማ። ዶሮዋ ቀኑ አለፈ ብላ ትነሳለች የሚል ስጋት ነበር። አልተነሳችም። የሐበሻ ዶሮ ደህና አድርጋ ከታቀፈች እንዲህ ናት፤ መኖና ውሃዋን አጠገቧ ካገኘች ትታገሳለች። 7ቱ ተፈለፈሉ።

በሦስተኛው ቀን እናት ዳክዬዎቹን ከዶሮዋ ወስደው ከጫጩቶቹ ጋር ቀላቀሏቸው። ምክንያታቸው የሚገባ ነው። ዶሮዋ ቶሎ ወደ እንቁላሏ እንድትመለስ ፈለጉ። አንድ ካርቶን፣ አንድ አምፖል፣ አንድ መጠጫ፣ አንድ ጆንያ መኖ ካለ ወጪውም ልፋቱም ይቀላል። ሱቅ፣ ቤትና ሦስት ልጅ ያለበት ሰው እንዲህ ማሰቡ አይፈረድበትም።

ትንሹ ልጅ በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት ሳፋ ውሃ ሞልቶ ሰባቱንም ጨመራቸው። «ዳክዬ አይደሉ? ይዋኙ እንጂ!» መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር አለችኝ እህቱ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ላባቸው ከሰውነታቸው ላይ ተለጠፈ። ሁለቱ አንገታቸው ብቻ ቀርቶ ሰመጡ። እናት ከሱቅ ሮጠው መጥተው በሻሻቸው አደራረቋቸው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ይንቀጠቀጡ ነበር። እናት ዳክዬ ያላሳደገቻቸው ጫጩቶች ላባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃ በደንብ አይከላከልም። ይረጥባሉ፣ ይበርዳቸዋል፣ ይሰምጣሉም። ዳክዬ ውሃ ትወዳለች ማለት ገና በሳምንቷ ትዋኝ ማለት አይደለም። የሞተ ግን አልነበረም።

እርጥቡ ካርቶን

የዳክዬ ጫጩት ስትበላ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። አፏን መኖ ትሞላለች። ወደ መጠጫው ትሮጣለች። ምንቃሯን እስከ አፍንጫ ቀዳዳዋ ትነክራለች፣ ውሃውን ታንቦጫብቀዋለች፣ የተረፈውን ዙሪያዋን ትረጨዋለች። ተመልሳ ወደ መኖው። ይህን የምታደርገው መኖው እንዲወርድላት፣ አፍንጫዋና ዓይኗም እንዲጸዳ ነው። ተፈጥሮዋ ነው፣ ልትከለከል አይገባም። የዶሮ ጫጩት ግን ጠብታ ይቀዳና አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይውጣል። ሰጋቱራው ደረቅ እንደሆነ ይውላል።

ስለዚህ ሰባት ዳክዬ ያለበት ካርቶን ከግማሽ ቀን በላይ ደርቆ አይቆይም። እናት በየማታው እርጥቡ ላይ ደረቅ ሰጋቱራ ይጨምሩበት ነበር። ከላይ ሲታይ ንጹሕ ነው። እጄን ከታች ሳስገባ ግን ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ይጨመቃል።

ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ዶሮ ባለበት ሁሉ አይጠፋም፤ በጫማ ይገባል፣ በመኖ ዕቃ ይገባል። ከኩስ ጋር የወጣው ዘሩ ወዲያው አያሳምም። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ግን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ለማሳመም ይደርሳል። ጫጩቱ ሲጭር አብሮ ይለቅመዋል። ሰጋቱራው ደረቅ ሲሆን ብዙ አይባዛም፤ ጫጩቶቹም በጥቂት በጥቂቱ እየለመዱት ይቋቋሙታል። ሲረጥብ ግን በአንዴ ይጥለቀለቃል።

የዶሮው ኮክሲዲያ ደግሞ ዳክዬን አይነካም። ዳክዬ የራሷ ሌላ ዓይነት አላት። ስለዚህ ካርቶኑን ያረጠቡት ዳክዬዎች ደህና ሆነው ይሯሯጣሉ። የታመሙት ጫጩቶቹ ናቸው። ቤተሰቡን ግራ ያጋባውም ይህ ነው። «በሽታ ቢሆን ሁሉንም አይዝም ነበር?» አሉኝ እናት። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱም እዚያው ውስጥ ነው።

ስደርስ ጫጩቶቹ አራት ሳምንት ሆኗቸዋል። ብዙዎቹ ላባቸውን ነፍተው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ከድነው ቆመዋል። ኩሱ ላይ ትኩስ ደም አለ። የሞተውን ስከፍተው ዕውር አንጀቱ በደም ተነፍቶ ነበር። ይህን ያየ ሰው ብዙ አይጠራጠርም። በጥቂት ቀን ውስጥ 6 ሞቱ።

መድኃኒቱ አምፕሮሊየም ነው። በውሃ ተበጥብጦ ይሰጣል፣ እዚህ ለ5 ቀን ተሰጠ። አሠራሩ ደስ ይላል። መድኃኒቱ ቫይታሚን ቢ1ን ይመስላል። ተውሳኩ ቢ1 ያገኘ መስሎት እሱን ይወስዳል፣ ከዚያ ቢ1 አጥቶ ይዳከማል። ስለዚህ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ጊዜ ቢ1 ያለበት ቫይታሚን አብሮ አይሰጥም። ከተሰጠ አንዱ ሌላውን ያከሽፋል። እናት ግን «አቅም ይሁናቸው» ብለው ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የገዙትን የቫይታሚን ዱቄት ውሃው ላይ ይጨምሩ ነበር። እንዲያቆሙ ነገርኳቸው።

ወዲያው ሌላ ችግር መጣ። ከዳክዬዎቹ አንዷ እግሯ መንጋደድ ጀምሯል። ትንሽ ትራመድና ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቁጭ ትላለች። ይህ በዳክዬ ጫጩቶች ላይ በብዛት የሚታየው ኒያሲን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ3፣ ሲያንስ ነው። ለዶሮ ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ ከ27 እስከ 35 ሚሊ ግራም ይበቃል። ለዳክዬ ጫጩት የሚመከረው 55 ነው። በጫጩት መኖ ብቻ ያደገች ዳክዬ እግሯ ቢንጋደድ አይገርምም። መፍትሔው ቢ-ኮምፕሌክስ፣ ማለትም የቢ ቫይታሚኖች ድብልቅ፣ ነው። ቢ-ኮምፕሌክስ ውስጥ ደግሞ ቢ1 አለ።

መጠጫው አንድ ነው። ጫጩቶቹ ቢ1 ሊያገኙ አይገባም። ዳክዬዎቹ ያንኑ ዱቄት ይፈልጋሉ። አንዱን ለማዳን ሌላውን መበደል ካልሆነ በቀር በአንድ ካርቶን መፍትሔ የለውም። ይህን ስነግራቸው አባት ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ጋራዥ ሄደው የሽቦ ወንፊት ይዘው መጡ።

በዚያው ምሽት ዳክዬዎቹ ኒሙ ሥር ወደተሠራላቸው አጥር ተዛወሩ። ሳፋ ተቀመጠ፣ ሳፋው ላይ ሽቦው፣ ሽቦው ላይ መጠጫው። መጠጫው ጎኑ የተበሳ ጀሪካን ነው። ቀዳዳው ጭንቅላት ያስገባል፣ ሰውነት አያስገባም። የሚረጩት ውሃ በሽቦው ሾልኮ ሳፋው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ለአትክልት ይደፋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። መኖው ከመጠጫው ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ግን ማታም ቢሆን ውሃ በሌለበት ደረቅ መኖ ለዳክዬ አይሰጥም፣ ያንቃታል። የጫጩቶቹ ሰጋቱራ እስከ ወለሉ ተጠርጎ ወጣ፣ ካርቶኑ ተቃጠለ።

ጫጩቶቹ ዳኑ፣ 20 ቀሩ። እግሯ የተንጋደደው ዳክዬ ቀስ በቀስ መሄድ ጀመረች። አንድ እግሯ ትንሽ እንደተጣመመ ቀርቷል።

የለውዙ ፋጉሎ

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

የተዘጋጀ የጫጩት መኖ ውድ ነው። 20 ዶሮ እያደገ ሲሄድ ጆንያው ቶሎ ያልቃል። አንድ ዘመድ «ለውዝ ፕሮቲን አለው፣ ለዳክዬም ይሆናል፣ ፋጉሎውን ግዙ» ብለው መከሩ። ምክሩ በራሱ ስህተት የለበትም። ኦቾሎኒ ፕሮቲኑም ኒያሲኑም ብዙ ነው። ባቢሌ፣ ፈዲስ፣ ጉርሱም የለውዝ አገር ናቸው፤ ድሬ ላይ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን ፋጉሎ ማግኘት አይከብድም።

ችግሩ ፋጉሎው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሐምሌ ገብቶ ነበር። ጆንያው ታንከሩ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ። ዝናብ ነካው፣ መሬቱም እርጥበት ሰጠው። ሲከፈት ጥግ ጥጉ አረንጓዴና ግራጫ ሆኗል። እናት የሻገተውን እየለዩ ጣሉ። የቀረውን ኬሻ ላይ አስጥተው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አስመቱት። ከዚያ አስፈጭተው ከመኖው ጋር አንድ አራተኛ ያህል ቀላቀሉት። ለሁለቱም ሰጡ።

በጥቂት ቀን ውስጥ ዳክዬዎቹ መብላት ተዉ። መቆም አቃታቸው። እግራቸው ወደ ሐምራዊ አደላ። አንዷ ስትሞት አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሰባቱ አራቱ አለቁ። ጫጩቶቹ መኖ ቀነሱ፣ እድገታቸው ቆመ፤ የሞተ ግን የለም።

ሁለቱን ከፈትኳቸው። ጉበታቸው አብጧል፣ ቀለሙም ገርጥቶ ወደ ቢጫ ሄዷል። ዳክዬን ብቻ የሚገድል፣ አንገትም የሚቆለምም የጉበት ቫይረስ አለ፤ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ነገር ግን ያ በሽታ ጉበቱ ላይ ደም የነጠበ የሚመስል ምልክት ይተዋል፣ ምልክት ካሳየች በኋላ ዳክዬዋን ብዙ ሰዓት አያቆይም። እነዚህ ዳክዬዎች ግን ታመው ቀናት ቆይተዋል። በዶሮ ሥር ተፈልፍለው ሌላ ዳክዬ አይተውም አያውቁም። ጫጩቶቹም በዚያው ሰሞን ተጎድተዋል። ፋጉሎው ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሞቱ ቆመ። ላብራቶሪ አልተላከም። እነዚህ ሁሉ ተደምረው የሚያመለክቱት ግን አፍላቶክሲንን ነው።

አፍላቶክሲን ለውዝና በቆሎ ላይ የሚወጣ ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ ነው። ዓለም ያወቀውም በወፎች ሞት ነው። በ1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። የዳክዬ ጫጩቶችም ሞተው ነበር። ዳክዬ ለዚህ መርዝ በጣም ስስ ከመሆኗ የተነሳ ተመራማሪዎች መኖ መመረዙን ለመፈተሽ የአንድ ቀን የዳክዬ ጫጩቶችን ይጠቀሙ ነበር። ዳክዬን የሚገድላት መጠን ዶሮን ከሚገድለው ከአሥር እጥፍ በላይ ያንሳል። ይህን የማያውቅ ሰው «ዶሮዎቹ በልተውት ምንም አልሆኑም» ብሎ ለዳክዬ ይሰጣል።

ፀሐይ ማስመታት እርጥበቱን ያደርቃል፣ መርዙን አያጠፋም። መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሻገተውን ለይቶ መጣልም ለፋጉሎ አይበቃም። የተፈጨና የተጨመቀ ነገር ስለሆነ መርዙ ንጹሕ በሚመስለውም ውስጥ አለ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የቀረውን ፋጉሎ ስናወጣ ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት «ለምን ይጣላል? ለላሜ ስጡኝ» አሉ። ላም አትሞትም ይሆናል። ግን መርዙ መልኩን ቀይሮ ከወተቱ ጋር ይወጣል፣ ወተቱን የሚጠጣው ልጅ ነው። አፍላቶክሲን በሰው ላይ የጉበት ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ ነው። በረከሰ ዋጋ የሚሸጥ የጠቆረ፣ የተጨማደደ፣ የሚመርር ለውዝም ለቤት አይገዛም። ለልጅ መክሰስ ተብሎ ከሆነማ ጨርሶ! ሴትዮዋ አዳምጠው «እንግዲያው ቅበሩት» አሉ። ፋጉሎው ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ

ከ20ዎቹ 11ዱ ቄብ፣ 9ኙ አውራ ናቸው። አውራዎቹ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ሊወጡ ታስበዋል። እድገታቸው ከሳሶ ከሚጠበቀው ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ከሁለት በሽታ የተረፉ ናቸውና ብዙም አይገርምም። የፈንግል ክትባታቸው ተደግሟል። ዳክዬዎቹ ፈንግልን ሳይታመሙ ሊሸከሙ ስለሚችሉ ይህ ቤት ውስጥ ድጋሚ ክትባቱ የግድ ነበር።

ሦስቱ ዳክዬዎች ላባ አውጥተው አሁን በደህና ይዋኛሉ። አባት በርሜል በቁመቱ ሰንጥቀው ገንዳ ሠርተውላቸዋል። ትንሹ ልጅ ገንዳውን ማጠብ ሥራው ሆኗል። እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ማዕድ አይቀርብም። ጫጩትም ዳክዬም ጤነኛ ሆነው ሳለ ሳልሞኔላ ሊይዙ ይችላሉ፣ ትንንሽ ልጆችን ደግሞ ክፉኛ ያስተቅማጣል። መጀመሪያ ላይ ጫጩት እየሳመ ነበር የሚውለው። እህቱ ደብተሩ ሽፋን ላይ «መሳም ክልክል ነው» ብላ ጽፋለታለች።

የልጆቹ እናት ዳክዬ ማሳደግ መተው አልፈለጉም። እኔም አላስተዋቸውም፤ ልጆቹ እንዴት እንደሚወዷቸው አይቻለሁ። ሁለት ነገር ተስማማን። የዳክዬ ጫጩቶች ከእንግዲህ ከታቀፈቻቸው ዶሮ አይነጠሉም። ዶሮዋ በእንቁላል የምታጎድለው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ግቢው ሁሉ እየዞሩ ስለሚውሉ የሚረጥብ ካርቶን አይኖርም፣ የሚሞቀውም የዶሮዋ ደረት ነው። መኖው ደግሞ የተዘጋጀ ይሆናል፣ በትንሽ በትንሹ ይገዛል፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል። ለዳክዬዎቹ ቢ-ኮምፕሌክስ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ውሃቸው ላይ ይጨመራል።

አያት በዚህ አልረኩም። በአንድ ዶሮ ሥር የዳክዬም የዶሮም እንቁላል ማስታቀፍ አይቻልም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይቻላል። የዳክዬው ቀድሞ ይገባል፣ ሰባት ቀን ቆይቶ የዶሮው ይጨመራል፣ አንድ ላይ ይፈለፈላሉ። ግን ለዚህ ቤት አልመክርም አልኳቸው። ከተፈለፈሉ በኋላ ያው አንድ መጠጫ ላይ ይገናኛሉ። «እንግዲያው የዶሮውን ሐረር ወስጄ አስታቅፋለሁ» አሉ፤ 12 እንቁላል በጭድ ጠቅልለው በሚኒባስ ይዘው ወጡ።